የራዳር መስኮትና የሙሽራው አረንጓዴ ነጥብ

በኮንቴይነር ግቢው ውስጥ የዚህን ሰው መጠሪያ ስም አስተካክላ የምታውቅ የሠራተኞች መዝገብ ቤቷ ኃላፊ ብቻ ናት፤ እሷም ፋይሉን ካላየች ትጠራጠራለች። ለሌላው ሁሉ ራዳር ነው። ሾፌሮቹ «ጋሽ ራዳር» ይሉታል። ክሬን ነጂው ደስ ሲለው «ራዱ» ይለዋል፤ ሲከፋው የሚለውን ግን ወረቀት አይችለውም።

ስሙን በነጻ አላገኘውም። ከግቢው በር ገባ ሲሉ በስተቀኝ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። ያላት ነገር አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ አፉ የተሸረፈ የሻይ ብርጭቆና አንዲት ተንሸራታች መስኮት ነው። ራዳር በዚያች መስኮት ሥር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጧል። ሾፌር ይመጣና ወረቀቱን በመስኮቷ ያስገባል። ራዳር ወረቀቱን ያያል፤ ዓይኑን ይጨፍናል፤ የሆነ ነገር እንደሸተተው ሰው አፍንጫውን ወደ ላይ ቀና ያደርጋል፤ ከዚያ «ሦስተኛው ረድፍ፣ ከሚዛኑ ወዲህ፣ ከታች ሁለተኛዋ። ጉንጯ ጎድጎድ ያለው ሰማያዊ» ይላል። ሾፌሩ ሲሄድ እውነትም ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ከሚዛኑ ወዲህ፣ ከታች ሁለተኛዋ፣ ጉንጯ ጎድጎድ ብሎ ትጠብቀዋለች።

ዓይን መጨፈኑ አስፈላጊ አልነበረም። ግን ሰው ይወደዋል፤ እሱም ሰው እንደሚወደው ያውቃል።

ኮንቴይነሮቹን በቁጥር ሳይሆን በመልክ ነው የሚለያቸው። ባለ ጠባሳዋ አለች፣ ጉንጫሟ አለች፣ አንድ መርከብ ላይ መጥተው አንድ ላይ የዛጉ መንትዮቹ አሉ። ከአጥሩ ጥግ ደግሞ ባለቤቷ ሳይወስዳት አራት ዓመት የተገተረች ቀይ አለች፤ እሷን «ቆሞ ቀር» ይላታል። ጠዋት ጠዋት ሲያልፍ «እንዴት አደርሽ፣ ዛሬም ጠያቂ የለሽም?» ይላታል። እሷም የለኝም አትለውም።

መዝገብም አለው፤ ክንድ የሚያህል፣ ጠርዙ በፕላስተር የተለጠፈ። በእያንዳንዱ ኮንቴይነር በር ላይ አራት ፊደልና ስድስት ቁጥር ተጽፏል፤ ራዳር ያንን ይገለብጣል። ከስድስቱ ቀጥሎ በትንሽ ሳጥን ተከባ የተቀመጠች አንዲት ሰባተኛ ቁጥር አለች፤ እሷን አይጽፋትም። ሥራውን ያስለመዱት ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን፣ «ይቺ የቀለም ቀቢው ጌጥ ናት፤ ቀለም አታባክንባት» ብለውታል። ከዚያ ወዲህ በግቢው ውስጥ ያቺን ቁጥር ሁሉም «ጌጧ» ይላታል፤ የሚጽፋትም የለም።

አሁን ወደ ሙሽራው እንምጣ። ሙሽራው የራዳር የታናሽ እህቱ ባል ነው። ከዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ በሠርጉ በሦስተኛው ሳምንት፣ ራዳር ራሱ ለምኖ እዚሁ ግቢ አስቀጠረው። ልጁ አቧራ በሚጨስበት ግቢ በሠርግ ሱፉ ከች አለ። ራዳር በመስኮቷ ብቅ ብሎ «ዕልልታ የታለ? ሙሽራው መጥቷል እኮ!» ሲል ክሬን ነጂው ሳቁን መያዝ አቅቶት ማንሻውን ለቀቀው። ዛሬ ሰውየው የሁለት ልጆች አባት ነው፤ ፀጉሩም ከግንባሩ ሸሽቶ ማጅራቱ ላይ ሰፍሯል፤ ግን ሙሽራው ነው። ረጋ ያለ፣ ጠረጴዛው የጠራ፣ ምን ቢሉት «እሺ ጋሼ» የሚል ሰው። ራዳርን የሚያናድደውም ይኸው ነው፤ መልስ ከሚሰጥ ሰው ጋር መጣላት ይቻላል፣ «እሺ ጋሼ» ከሚል ሰው ጋር ግን እንዴት ተደርጎ?

ነገሩ የጀመረው በስብሰባ ነው። ሥራ አስኪያጇ ሁሉንም ሰብስባ፣ ድርጅቱ የኮንቴይነር መከታተያ ሶፍትዌር እንደገዛ ተናገረች። ሶፍትዌሩ ተገጣጥሞ አልመጣም፤ እንደ አልጋ ከነብሎኑ ተፈታትቶ ነው የመጣው፤ አብሮት የአርባ ገጽ የጀማሪ መመሪያ አለ። መመሪያውን አንብቦ፣ ከግቢው ጋር አስማምቶ፣ የሚያስነሳው ሰው ያስፈልጋል።

«ማን ይጀምርልን?» አለች።

ሰው ሁሉ ጣሪያ ጣሪያ አየ። ራዳር ግን አንገቱን አስተካክሎ ተቀመጠ። ነገሩን አስቦበታል፤ ሲለምኑት መጀመሪያ «እኔ ለዚህ አልሆንም» ይላል፣ ሁለተኛ «ጊዜም የለኝ» ይላል፣ በሦስተኛው «እንግዲህ ካላችሁ» ብሎ ይቀበላል። የመጀመሪያው ልመና ሳይደርሰው ከኋላ ወንበር አንድ እጅ ወጣ።

«እኔ ልሞክረው» አለ ሙሽራው።

«ጥሩ!» አለች ሥራ አስኪያጇ። ቀጥላም የራዳርን ጆሮ እንደ ቀንድ የወጋ ነገር ተናገረች። «የዛሬ ወር ሰኞ ሙከራ እናደርጋለን። ሃያ ሾፌሮች ኮንቴይነራቸው የት እንዳለ በስልካቸው መልእክት ይደርሳቸዋል። ሃያውም ካገኙ መስኮቱን እንዘጋዋለን፤ ሾፌር ሁሉ በስልኩ ይጠቀማል።»

መስኮቱን እንዘጋዋለን! የሰውየውን ዓይን እንዘጋዋለን እንደማለት ነው።

አመሻሽ ላይ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ የስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች። የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ናት፤ ስታወራ ጥርሷ ውስጥ የያዘቻቸውን ስፒሎች አታወጣም፤ ታዲያ ነገሯ ሁሉ ሹል ሹል ይላል።

«እህትህ ደውላ ነበር» አለችው።

«ደህና ናት?»

«ባሏ ሊሾም ነው አለችኝ።»

«ምን ይሾማል! እጁን ነው ያወጣው። እጅ ማውጣት ሹመት ከሆነማ ትራፊክ ፖሊስ ሁሉ ሚኒስትር በሆነ።»

«አንተስ ለምን አላወጣህም?»

«ላወጣ ስል ቀደመኛ!»

ሚስቱ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

«ጎበዝ ነው በይው በቃ!» አለ ራዳር።

«እኔ መች አልኩ?»

«በዓይንሽ ብለሻል።»

«አንተ ሰውዬ፣ ዓይኔን እንኳ ልስፋበት ተውልኝ እንጂ» አለችው።

ከዚያ ወዲያ የራዳር ቆሽት ማረር ጀመረ። ድርጅቱ ለሙሽራው ታብሌት ከነሽፋኑ ሰጠው፤ ሽፋኑ ቡናማ ቆዳ ነው፤ ራዳር የራሱን መዝገብ ጠርዝ አየና ፕላስተሩን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው። ሁለተኛ ስክሪን አመጡለት። ራዳር «ለምን ሁለት? ዓይኑ አራት ነው?» አለ፤ የሳቀለት ግን የለም። በቀን አራት ጊዜ ወደ ቢሮ እየሄደ ስቴፕለር ይዋሳል። የራሱ ስቴፕለር ኪሱ ውስጥ ነው። ስቴፕለሩን ሲቀበል አንገቱን ሰገግ አድርጎ ስክሪኑን ያያል።

ያየው ነገር መጀመሪያ አስደስቶት ነበር። መመሪያው «በአምስት ደቂቃ ይጫናል» የሚለው ሥራ ሙሽራውን ሦስት ቀን ፈጀበት። ስክሪኑ በቀይ ጽሑፍ ይሞላል፤ ሙሽራው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ መመሪያውን እንደገና ያነባል። ራዳር «አይዞህ! እኔም መስኮቱን ለመክፈት የተማርኩት በሁለት ቀን ነው» ይለዋል።

«እሺ ጋሼ» ይላል ሙሽራው።

በአራተኛው ቀን ቀዩ ጽሑፍ ጠፋ። የግቢው ካርታ ስክሪኑ ላይ ወጣ፤ ረድፎቹ፣ ሚዛኑ፣ በሩ፣ ሁሉም በቀጭን መስመር። መመሪያው «አሁን አንድ ኮንቴይነር መዝግብ» ይላል። ሙሽራው የማትንቀሳቀስ አንዲት ፈለገ። ማንን ቢመርጥ ጥሩ ነው? ቆሞ ቀርን!

ራዳር ስቴፕለሩን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ከሦስት መቶ አራት ኮንቴይነር የሱዋን! አራት ዓመት ሙሉ ከሱ በቀር ማን እንዴት አደርሽ ብሏት ያውቃል?

ሙሽራው ከራዳር መዝገብ አራቱን ፊደልና ስድስቱን ቁጥር አስገባ። ስክሪኑ ቀላ።

«አየህ? አታውቅህም!» አለ ራዳር።

ሙሽራው ተነሥቶ ወጣ። እስከ አጥሩ ጥግ ሄዶ በሩን አየ፤ ተመልሶ መጣና ያቺን በሳጥን የተከበበች ቁጥር ጨመረ። ካርታው ጥግ ላይ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ቦግ አለች። ካርታውን ሊያዩ ከተሰበሰቡት መሐል ሥራ አስኪያጇ አጨበጨበች፤ ክሬን ነጂው ሳይቀር ጓንቱን አውልቆ አጨበጨበ።

«ጋሼ፣ ጌጥ አይደለችም እኮ» አለ ሙሽራው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ዝቅ ማድረጉ ራሱ ራዳርን ለበለበው። «ሌሎቹ ተባዝተው፣ ተደምረው፣ ተካፍለው ነው እሷ የምትወጣው። ምስክር ናት። ከስድስቱ አንዱን ስንሳሳት ከሷ ጋር አይገጥምም፤ ያኔ ማሽኑ ይቀላል።»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ምስክሯን በር ላይ ትቷት ኖሯል! ያስለመዱት ሽማግሌ በሕይወት ቢኖሩ ሄዶ በተጣላቸው፤ የሉም፤ ስለዚህ ከነጥቧ ጋር ተጣላ።

«ነጥብ ነው እንዴ የምታጨበጭቡለት? እኔ ኮንቴይነሯን ራሷን በእጄ አስነካችኋለሁ!» አለ። ሁሉም ወደ ስክሪኑ ዞረው ነበር።

በማግስቱ ሙሽራው መስኮቷ ድረስ መጣ። የቀሩትን ሦስት መቶ ሦስት ለማስገባት መዝገቡን ሊለምን ነው።

ራዳር መዝገቡን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አጣብቆ ያዘው። «አየህ፣ ያለኔ መዝገብ አይሆንም በላ!»

«አይሆንም ጋሼ።»

«እንግዲያው ከማን መዝገብ እንደተወሰደ ይጻፍልኝ። ኋላ እኔ ነኝ የደከምኩት እንዳትል።»

«ቦታ አለው፤ ‹ምንጭ› የሚል። እዚያ ላይ ስምዎን አስገባለሁ።»

«በሁሉም ላይ?»

«በሁሉም ላይ።»

«አንዲቷም እንዳትቀር ነው የምልህ!»

«እሺ ጋሼ።»

መዝገቡን ገልብጦ ለመጨረስ ሁለት ሳምንት ተኩል ፈጀ። ሰባተኛዋን ቁጥር በተመለከተ ሙሽራው ጊዜ አጠረውና አቋራጭ አገኘ። ማሽኑ ስድስቱን ከሰጡት ሰባተኛዋን ራሱ አስልቶ መሙላት ይችላል። አንድ ጊዜ ጫን ሲያደርገው ሦስት መቶ አራት አረንጓዴ ነጥብ በአንዴ ግቢውን እንደ ቡቃያ ሸፈነው። ሥራ አስኪያጇ «ድንቅ ነው!» አለች። ዝርዝሩም ታትሞ ኮሪደሩ ላይ ተለጠፈ።

ራዳር ዝርዝሩን ያነበበው ለማንበብ ሳይሆን እንከን ለማግኘት ነው። ቅናት መነጽር ነው ወይስ ምን፣ ሰው ሁሉ ያለፈውን እሱ አየው። የባለ ጠባሳዋ ስድስተኛ ቁጥር ዝርዝሩ ላይ 8 ነው። ጠዋት በአጠገቧ ሲያልፍ ግን በሩ ላይ ያየው 3 ነው። መዝገቡን ገለጠ፤ የራሱ ጽሕፈት ነው፤ 8። በዝናብ ቀን የጻፋት ናት። ባለ ጠባሳዋን ደግሞ በጠባሳዋ እንጂ በቁጥሯ ፈልጓት አያውቅም፤ ስለዚህ የሱ 8 ለአንድም ቀን አላስቸገረውም።

ታዲያ ማሽኑ ለምን አልቀላም? ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አሰበ፣ አሰበና ገባው። ማሽኑ ሰባተኛዋን ከበሩ ላይ አላነበበም፤ ከሱ ስድስት ቁጥሮች ላይ ነው የሠራት። የተሳሳተ ቁጥር ሰጥተውት ከተሳሳተው ጋር የምትገጥም ምስክር አበጀለት። ተከሳሹ ራሱ ምስክሩን እንደመምረጥ ያለ ነገር! መዝገቡ ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለ 3 እና 8፣ 1 እና 7 ስንት እንዳለ ከሱ በላይ ማን ያውቃል? ሰኞ ሃያ ሾፌሮች ይመጣሉ፤ ክሬን ነጂው የሚያነሣው በበር ቁጥር ነው፤ ከሃያው ሁለቱ ሦስቱ እንኳ ባይገጥሙ ሙከራው አለቀለት። መስኮቷም አትዘጋም።

የራዳር ልብ ቅቤ ጠጣ።

ለማንም ምንም አላለም። ሦስት ቀን እያፏጨ ገባ፣ እያፏጨ ወጣ። ስቴፕለር መዋስ ተወ። ሚስቱ ስፒሏን እስከማውጣት ደርሳ «ምን አግኝተህ ነው?» አለችው። «ሰው በቤቱ ደስ አይበለው?» አላት። «በቤትህማ ስንቴ ደስ ብሎህ ያውቃል» አለችና ስፒሏን መልሳ ነከሰች።

ቅዳሜ፣ ከሥራ መውጫ ላይ፣ ሙሽራው ፈገግ ብሎ ወደ መስኮቷ መጣ። «ጋሼ፣ ሰኞ ለሾፌሮቹ የሚላከውን መልእክት ይዩልኝ። ደስ ይልዎታል» ብሎ ስልኩን ሰጠው።

መልእክቱ የኮንቴይነሩን ቁጥር ይናገራል፤ ረድፉን ይናገራል። ከታች ደመቅ ብሎ እንዲህ ይላል፦ «ምንጭ፦ የጋሽ ራዳር መዝገብ።»

ራዳር ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። «ይኼ ለሁሉም ሾፌር ነው የሚሄደው?»

«ለሃያውም።»

«ማን ጻፍ አለህ?»

«እርስዎ ነዎት ጋሼ። አንዲቷም እንዳትቀር ብለውኛል።»

ራዳር ስልኩን መለሰለት። ፊቱ የተቀቀለ ጨርቅ መሰለ። አሁን ታየው። ሰኞ ሾፌሩ በሌለ ቁጥር ሲንከራተት በእጁ ያለው ስልክ የማንን ስም ነው የሚያሳየው? የሙሽራውን? ሙሽራው መልእክቱ ውስጥ በስም እንኳ የለም! ሃያ ሾፌር፣ ያውም ሾፌር፣ ወሬ በጎማ የሚዞር ሕዝብ! በሳምንት ውስጥ በየመናኸሪያው ራዳር ቁጥር አያውቅም ይባላል። መስኮቷ ብትቀር እንኳ ከዚያ በኋላ ማን ወረቀቱን ያስገባባታል?

እሑድ ጠዋት ለሚስቱ «የታመመ ሰው ልጠይቅ ነው» ብሏት ወጣ። መዝገቡን በፌስታል ጠቅልሎ ብብቱ ሥር አድርጓል። ዘበኛውን ሰላም ብሎ ገባ፤ ግቢው ጭር ብሏል፤ ክሬኑ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ከአንደኛው ረድፍ ሊጀምር ሲል ከሁለተኛው ረድፍ በኩል ያረጀ ቱታ የለበሰ ሰው ቁጢጥ ብሎ የኮንቴይነር በር በስልኩ ፎቶ ሲያነሣ አየ። በማጅራቱ ፀጉር ለየው።

«ጋሼ!» አለ ሙሽራው ደንግጦ። «ምን እግር ጣልዎት?»

«የታመመ ሰው ልጠይቅ።»

«እዚህ?»

«ኮንቴይነር አይታመምም ያለህ ማነው? አንተስ?»

ሙሽራው ጉልበቱን እያራገፈ ተነሣ። «ፈርቼ ነው። ሦስት መቶ አራት ቁጥር አስገብቼ አንዲትም አልቀላች። የኔ ነገር እንዲህ አምሮ አያውቅም። ሌሊቱን ሳስበው፣ ያቺን ሰባተኛ ከበሩ ላይ ማንበብ ሲገባኝ ቸኩዬ ለማሽኑ ተውኳት። እሱ ደግሞ የሰጠሁትን ነው ያሰላው።»

ራዳር መዝገቡን ከፌስታሉ አወጣ። ከረቡዕ ጀምሬ አውቄዋለሁ ሊል ይችል ነበር። አላለም፤ ያ ነገር እስከ ዛሬ ሆዱ ውስጥ አለ።

«ና በል፣ እኔ አነባለሁ፣ አንተ ታስገባለህ» አለው።

በር በር እየዞሩ ሥራ ጀመሩ። ከታች ያሉትን ራዳር ያነባል፤ ከላይ የተደረደሩትን ሙሽራው በስልኩ አቅርቦ ያያል። በሩ ላይ ያለችው ጌጥ ማሽኑ ከሠራት ጋር ከገጠመች አረንጓዴ፤ ካልገጠመች ቀይ። የመጀመሪያዋ ቀይ ባለ ጠባሳዋ ናት።

«ያን ቀን ዝናብ ነበር» አለ ራዳር።

አራተኛዋ ስትቀላ፣ «ይቺን ሾፌሩ ነው የነገረኝ፤ አፉ ውስጥ ማስቲካ ነበረ» አለ።

ዘጠነኛዋ ስትቀላ፣ «ይቺማ ራሷን ቀይራ ነው» አለ። ሙሽራው አልሳቀም፤ «ይሆናል ጋሼ» አለ። በአሥራ ሁለተኛዋ ራዳር ሰበብ አለቀበት። ከዚያ በኋላ ስክሪኑ በቀላ ቁጥር እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ መዝገቡ ላይ ይሰርዝና «ቀጥል» ይላል።

ቀትር ላይ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሙሽራው የያዘውን ዳቦ ተካፈሉ። ሙሽራው ዳቦውን እያገላበጠ፣ «እህትዎ ዛሬ ስወጣ ምን ብላኝ ነበር መሰልዎት?» አለ።

«ምን አለች?»

«‹አንተ ሦስት ሳምንት በማሽን ስትፈልግ የከረምከውን ወንድሜ ዓይኑን ጨፍኖ ያገኘዋል› አለችኝ። ሁልጊዜ ነው እንዲህ የምትለኝ። አምፖል ስቀይር እንኳ ወንድሜ ቢሆን ትለኛለች። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ።»

ራዳር ማኘኩን አቆመ። «ምን አለች አልክ?»

«ዓይኑን ጨፍኖ ያገኘዋል።»

«ከዚያስ በፊት?»

ሙሽራው ገና ከጅምሩ ነገረው። ራዳር ለሦስተኛ ጊዜ ሊጠይቅ ፈልጎ አፈረ። ይኼ ሁለት ስክሪን ያለው ሰው በሱ ቀንቶ ያውቃል! ጣፋጭ ነገር ነበር፤ ዳቦውን ማጣጣም እስኪያቅተው። ወዲያው ግን ደግሞ አንድ ነገር ጎረበጠው፤ ሰውየው ይህን ያህል ዓመት ቀንቶ አንዲት ቀን እንኳ ስቴፕለር ሊዋስ አልመጣም። መቅናትንም በጨዋነት ያውቅበታል ማለት ነው። ይኼስ አያናድድም?

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የመጨረሻዋን በር አንብበው ጨረሱ። ከሦስት መቶ አራት ሃያ ዘጠኝ ቀይ ወጥቷል። ሃያ ዘጠኙም የራዳር እጅ ሥራ ነው።

ሰኞ ሃያው ሾፌሮች መጡ። ስልካቸው ጮኸ፤ ሄዱ፤ አገኙ። ክሬን ነጂው አንዴም ሳይሳደብ ሃያውን ጫነ፤ ይኼ ራሱ ተመዝግቦ የሚቀመጥ ነው። ራዳር መስኮቱ ሥር ተቀምጦ የሚጠይቀው ሰው ሳይመጣ ዋለ።

ከሰዓት ሥራ አስኪያጇ ሁለቱን አስጠራቻቸው። «እንከን አልነበረውም?» አለች።

ራዳር እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ መልሶ ሰካው።

«ሃያ ዘጠኝ ስህተት ነበር» አለ ሙሽራው። «እሑድ ዕለት ጋሼ በር በር እየዞሩ አገኟቸው።»

የማን ስህተት እንደሆነ አልተናገረም። ሥራ አስኪያጇ ወደ ራዳር ዞራ፣ «በእረፍት ቀንዎ! እግዜር ይስጥልኝ» አለችው። ራዳር ራሱን በአክብሮት ዝቅ አደረገ፤ ውስጡ ግን በገነ። አሁን ይኼ ሰውዬ ደግ መሆንም ከሱ ይበልጥ ይችልበታል! በማሽን ቢበልጠው አንድ ነገር ነው፤ በደግነት መበለጥን ማን ይችለዋል?

«እንግዲህ መስኮቱ ይዘጋል» አለች ሥራ አስኪያጇ።

ራዳር መሬት መሬት አየ።

«አንድ ነገር ልጨምር» አለ ሙሽራው። «ሳስገባም እኔ፣ ሳጸድቅም እኔ ነበርኩ። ስህተቱ ያለፈኝ ለዚያ ነው። ሶፍትዌሩ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንድ መዝጋቢ፣ አንድ አጽዳቂ። እኔ የመዘገብኩት በሩን በዓይኑ ያየ ሰው ካላጸደቀው ቢጫ ሆኖ ይቁም፤ ለሾፌርም አይላክ። አጽዳቂው ጋሼ ይሁኑ።»

«እርስዎስ ምን ይላሉ?» አለችው።

ሁለቴ እምቢ የሚልበት ጊዜ ነበር። «እሺ» አለ ራዳር፤ ገና ጥያቄው ሳያልቅ።

ማክሰኞ ጠዋት መስኮቷ ተቆልፋ፣ ከውስጥ ካርቶን ተደግፎባታል። ራዳር ለሱ የተሰጠውን ታብሌት ይዞ፣ ሽፋኑ ጥቁር ፕላስቲክ ነው፣ ግቢው መሐል ቆሞ መስኮቷን አያት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከውስጥ ነው ያያት፤ ከውጭ እንዲህ ትንሽ መሆኗን አያውቅም ነበር። አንድ የድሮ ደንበኛው ሾፌር መጣና ወረቀቱን ይዞ መስታወቷን አንኳኳ። ራዳር ሊጠራው አፉን ከፈተ። የሾፌሩ ኪስ ጮኸ፤ ስልኩን አወጣ፣ አነበበ፣ «አሃ!» አለና ወደ አራተኛው ረድፍ ሄደ፤ ዘወርም አላለ። ራዳር አፉን ዘጋ።

ያኔ የሱ ስልክ ጮኸ። ሙሽራው ነው፤ ከቢሮ።

«ጋሼ፣ አንዲት አዲስ ገብታለች፤ ስድስተኛው ረድፍ መጨረሻ ላይ። መዝግቤያታለሁ፤ ቢጫ ሆና ቆማለች። እርስዎ ካላጸደቁልኝ አታልፍም።»

ራዳር ቀና አለ። ከቆመበት ኮንቴይነሯ ትታየዋለች፤ አዲስ ቀለም፣ ቁጥሯ እንደ ሰሌዳ ጽሕፈት የጎላ፣ ጌጧ ሳትቀር በሳጥኗ ውስጥ ቁልጭ ብላ። ታብሌቱን አየ፤ ሙሽራው የጻፈው ልክ ነው፤ አንዲት ሳትዛነፍ። አንድ ጣት ብቻ ነው የምትፈልገው።

«ጋሼ? አሉ? ሾፌሩ ይጠብቃል፤ እኔም ቀጣዩን ልጀምር አልቻልኩም።»

«ቆይ እንጂ፣ ሄጄ በዓይኔ ልያት» አለ ራዳር።

ቆቡን አስተካከለና በአጭሩ መንገድ ሳይሆን በአንደኛው ረድፍ ዞሮ፣ በሚዛኑ ጀርባ አልፎ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሄደ። ሙሽራው በቢሮው መስታወት ግንባሩን አስደግፎ ያየዋል። ራዳርም እንደሚያየው ያውቃል፤ ሦስተኛው ረድፍ ጋ ሲደርስ ቆም ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ፈታና እንደገና አሰረው።